ጎራዴ ይዞ ፒያሳን ማቋረጥ

ሽለላና ፉከራ ሙያዬ ብሎ የያዘ ሰው ጎራዴ መወዝወዙን ብቻ ሳይሆን ከቤት እስከ መድረክ ማድረሱንም መማር አለበት። ይህ በጎንደር፣ በተለይ በከተራ ዕለት፣ ቀላል አይደለም። ከፒያሳ በጃንተከል አልፎ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ የሚወስደው መንገድ በሕዝብ ሲሞላ ባጃጅ አያልፍበትም። 2 ኪሎ ሜትር ገደማውን ከእናቶችና ከሕፃናት ጋር እየተጋፉ በእግር መሄድ ግድ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከሰይፉ ነው። አባቶቻችን ሰይፍን ያሠሩት ቶሎ እንዲመዘዝ ነው። ግራ እጅ ጋሻ ስለሚይዝ ሰይፉ በቀኝ ጎን ይታጠቃል፤ አውሮፓውያን በግራ የሚታጠቁትን እኛ በቀኝ ማድረጋችን ድሮ የመጡትን ተጓዦች ያስገርማቸው ነበር። ሾተል የሚባለው ሰይፍ ደግሞ እንደ ማጭድ ቆልማማ ነው፤ በሁለቱም ወገን ስለት አለው፣ የባላጋራን ጋሻ ዞሮ ይደርሳል። ከቆዳ የተሰፋው ሰገባው ከወገብ ሲታሰር እጀታው ወደ ፊት፣ ጫፉ ወደ ኋላ ይወጣል። ለጦር ሜዳ ድንቅ ነው። በከተራ ግፊያ ግን ያ ጫፍ ከኋላ የሚመጣውን ልጅ ፊት ይጠብቃል።

ስለዚህ ሰይፉን አልታጠቅም። የሠሪው ብልሃት ለፍጥነት የሰጠውን አንድ በአንድ እወስድበታለሁ። መጀመሪያ እጀታውን ከሰገባው ጋር በጠፍር አስራለሁ፤ ቋጠሮው በሁለት እጅ ተቀምጦ ካልሆነ የማይፈታ መሆን አለበት። ከዚያ በወፍራም አቡጀዲ በተሰፋ ከረጢት ውስጥ አገባዋለሁ። የማዳበሪያ ጆንያ አልወድም፤ ያልባል፣ እርጥበቱ ወደ ቆዳው ይገባል፣ ቆዳው ደግሞ ብረቱን ያዝገዋል። ስሄድ ጫፉን ወደ ላይ፣ ቆልማማውን ወገን ወደ ራሴ አድርጌ ከትከሻዬ ጋር አጣብቄ እይዘዋለሁ። አግድም የተያዘ ሰይፍ፣ ታስሮም ቢሆን፣ ሰው መሀል ቦታ የለውም።

ወጣቶቹ ጋቢ ደርበው ሥሩ ሊይዙት ይፈልጋሉ። አጥብቄ እከለክላለሁ። ክልላችን ጦርነት ውስጥ ከገባበት ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ፣ ጋቢ ሥር የሚታይ ረጅም ነገር ለሚያየው ሁሉ ጠመንጃ ነው። አንዲት እናት ደንግጣ ብትሮጥ አጠገቧ ያሉት ሁሉ ይሮጣሉ፤ ጥምቀትን ለማድመቅ የወጣ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ማምጣት የለበትም። የተሸፈነ ይሁን፣ ግን በግልጽ ይያዝ፤ እጆቼም ይታዩ። ፍተሻ ካለ ጠርተው እስኪያስቆሙኝ አልጠብቅም። የሽለላ ቡድናችንን ደብዳቤ አስቀድሜ አውጥቼ፣ «ወንድሜ፣ የፉከራ ጎራዴ ነው፤ ታስሯል፤ ራስህ ፈትተህ እየው» እላለሁ። ከረጢቱን የሚከፍተው እሱ ነው፤ እኔ አልነካውም።

ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን፣ የቆርቆሮ ጎራዴ አይበቃም ወይ የሚሉኝ አሉ። አይበቃም። ቆርቆሮ ቀሎ እጅን ያስቸኩላል፤ ፎካሪው ከቃሉ ቀድሞ ይወዘውዛል። እውነተኛው ብረት ግን ክንድን ይጎትታል፤ ስንኙም በዚያው ልክ ይረጋል፣ ድምፁም ከሆድ ይወጣል። በምኒልክ ዘመን ከጀርመን፣ ከዞሊንገን፣ የመጡና እዚህ የአውራሪስ ቀንድ እጀታ የተገጠመላቸው ጎራዴዎች ዛሬም በየቤቱ አይጠፉም። እንዲህ ያለውን ቅርስ መድረክ ላይ ማየት የተመልካች መብት ይመስለኛል። ስለቱን ግን በፍጹም አላስሞርድም። ጎንደር አጠገብ ባለችው ወለቃ የነበሩት የቤተ እስራኤል ብረት ቀጥቃጮች አገር ለቀው ከሄዱ ወዲህ፣ የተጎዳ የድሮ ሰይፍ በሙያው የሚጠግን ሰው ማግኘትም ከባድ ሆኗል።

ከመድረክ ሳልወርድ ላቡን በደረቅ ጨርቅ ጠርጌ፣ ዘይት በስሱ ቀብቼ፣ ጠፍሩን መልሼ እቋጥራለሁ። ሲመሽ ግን ይዤው ወደ ቤት አልሄድም፤ በጨለማ ማንም ከረጢት ፈትቶ ለማየት ትዕግሥት የለውም። ከቡድኑ ዕቃ ጋር ተቆልፎበት ያድራል፤ በማግስቱ ረፋድ፣ ፒያሳ ሱቆቿን ስትከፍት፣ ሄጄ አመጣዋለሁ።