ወረቀቱ ደረሰ የሚባለው መቼ ነው?

ሀደሮ ላይ በስልክ እየተነሱ ወደ ክላውድ የሚጫኑ ሰነዶችን ሆሳዕና ላይ ተቀብሎ ወደ ሠንጠረዥ የሚቀይር መስመር ስሠራ፣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ አንባቢው ነው፦ «አማርኛ ያነባል ወይ?» ያነባል። ቴሰራክት የተባለው፣ ኤችፒ ውስጥ ተጀምሮ እ.ኤ.አ. በ2005 ለሁሉም ክፍት የሆነው ሶፍትዌር የአማርኛ ሞዴል አለው፤ በንጹሕ የታተመ ገጽ ላይ ደህና ይሠራል። በእጅ የተሞላ ቫውቸር ላይ ግን አላምነውም። የታተመውን የደረሰኝ ቁጥር እሱ ያነባል፤ ኪሎውንና ብሩን ሰው ያስገባል። ሥራውን የሚያጸናውም የሚያፈርሰውም ከዚያ በፊት ያለው ርክክብ ነው፤ ፋይሉ ከክላውድ ማከማቻ ወጥቶ ወደ ማቀነባበሪያው የሚገባበት በር።

ሀደሮ የዝንጅብል አገር ነው። በ2004 ዓ.ም. አጠውላጊው በሽታ ማሳውን ከመታ ወዲህ፣ ከዚያ በፊት ማን ምን ያህል ያስረክብ እንደነበር ማወቅ የፈለገ ሰው የሚሄደው ወደ ወረቀት ነው፤ ወደ ግዢ ደረሰኝ፣ ወደ ሚዛን መዝገብ፣ ወደ ክፍያ ቫውቸር። ከጥቅሉ አንድ ቅጠል ቢወድቅ የአንድ ገበሬ የዓመት ድካም አብሮ ይወድቃል። ስለዚህ «አብዛኛው ደርሷል» የሚል ሥርዓት ለእኔ ሥርዓት አይደለም።

ይህን ጉዳይ ከፕሮግራመሮች ይልቅ የመዝገብ ቤት ሠራተኞች ቀድመው ፈትተውታል። ደብዳቤ ሲገባ ቁጥርና ቀን ይሰጠዋል፤ ገቢ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ «አባሪ 12 ገጽ» የሚል ከሆነ ገጾቹ ይቆጠራሉ፤ ዋናው ማህደሩ ውስጥ ይቀመጥና ለሥራ የሚዞረው ቅጂው ይሆናል። እኔ የምጽፈው ኮድ ከዚህ ብዙም አይርቅም።

የመጀመሪያው ጥያቄ ፋይሉ ሙሉ በሙሉ ገብቷል ወይ የሚለው ነው። መብራት ሲጠፋና ኔትወርክ ሲደክም ጭነት መሃል ላይ ይቋረጣል። የምጠቀምበት ማከማቻ፣ ጉግል ድራይቭ፣ እዚህ ላይ ጨዋ ነው፦ ሊቀጥል በሚችል አጫጫን ፋይሉን ባለ 256 ኪሎባይት ብዜት ቁርጥራጭ አድርጎ መላክ ይቻላል፤ ሲቋረጥ ከቆመበት ይቀጥላል፤ መቀጠያው አድራሻም ለአንድ ሳምንት ያገለግላል። ጭነቱ ሳያልቅ ፋይሉ ፎልደሩ ውስጥ አይታይም። በቢሮ የውስጥ ኔትወርክ በተጋራ ተራ ፎልደር ላይ ግን ግማሽ ፋይል ሙሉ መስሎ ይታያል፤ እዚያ መጠኑ ማደጉን እስኪያቆም መጠበቅ ግድ ነው። በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከ ገጽ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ ምስሉ ተጨምቆ ስለሚመጣ ደቃቁ ቁጥር ይደበዝዛል። የግድ በቴሌግራም ከሆነ «በፋይል መልክ ላኩልኝ» እላለሁ።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ አዲስ ነገር መግባቱን እንዴት እናውቃለን? ድራይቭ ራሱ መልእክት እንዲልክ ማድረግ ይቻላል፤ ለዚህ ግን ከበይነመረብ በቀጥታ የሚደረስበት አገልጋይ ያስፈልጋል፣ የማሳወቂያው ውልም በየጊዜው እያለቀ መታደስ አለበት። ለአንድ የሆሳዕና ቢሮ ኮምፒውተር ይኼ አይመችም። እኔ የምመርጠው ጠይቆ መውሰድን ነው። ድራይቭ የለውጦች ዝርዝር ይይዛል፤ እስከ የት እንዳነበብን የሚያሳይ ቶከንም ይሰጣል። ኮምፒውተሩ ሁለት ቀን ጠፍቶ ቢከርም ሲነሳ ያንኑ ቶከን ይዞ «ከዚህ ወዲህ ምን ገባ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ያመለጠው ሁሉ በተራው ይመጣል። በሰኔ 2011 በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ያየ ሰው የዚህን አሠራር ዋጋ ለመረዳት ማብራሪያ አይፈልግም። አንድ ጥንቃቄ ብቻ አለ፦ አዲሱ ቶከን የሚቀመጠው ፋይሎቹ ገቢ መዝገብ ላይ ከሰፈሩ በኋላ ነው። ከተገለበጠ፣ በሁለቱ መሃል መብራት ሲሄድ የጠፋውን የሚያስታውስ የለም።

ሦስተኛው ማንነት ነው። ድራይቭ በአንድ ፎልደር ውስጥ ተመሳሳይ ስም ያላቸውን ሁለት ፋይሎች ይፈቅዳል፤ «ቫውቸር የመጨረሻ» የሚባሉ ሦስት ፋይሎች ጎን ለጎን መቀመጣቸው የተለመደ ነው። ሀደሮን አንዱ በሀ፣ ሌላው በሃ፣ ሦስተኛው በሐ ይጽፋታል። ስለዚህ ስም አላይም። ድራይቭ ለእያንዳንዱ ፋይል የሚሰጠውን የማይለወጥ መለያ፣ ከእሱም ጋር ከፋይሉ ይዘት የሚሰላውን አሻራ እመዘግባለሁ። አሻራው ቀድሞ ካለ ሁለተኛው ቅጂ ይመዘገባል እንጂ ዳግመኛ አይቀነባበርም፤ የአንድ ገበሬ ክፍያ ሁለት ጊዜ መቆጠር የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረውና እነ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ካታሎጉን ያዘጋጁለት የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ፕሮጀክትም ለእያንዳንዱ ጥራዝ ቁጥር ሰጥቶት ነበር። ብዙ ተአምረ ማርያም ባለበት አገር በርዕስ ብቻ የትኛው እንደሆነ መለየት አይቻልምና።

ከሁሉም የሚከብደው ጥቅሉ መሙላቱን ማወቅ ነው። እያንዳንዱ ገጽ በደህና ገብቶም ጥቅሉ ጎዶሎ ሊሆን ይችላል፤ ይህን የትኛውም ማከማቻ አይነግርህም። ሀደሮ ላይ ሰነዱን የሚያነሱት እናት በስልክ «ልጄ፣ ልኬዋለሁ እኮ፤ መስመሩ ሞልቷል» ሲሉኝ እውነታቸውን ነው፤ የሞላው ግን ስልካቸው ላይ የሚታየው የአንዱ ፎቶ የጭነት መስመር ነው። መላው የተገኘው ከአባሪው ልማድ ነው። የእያንዳንዱ ጥቅል የመጀመሪያ ገጽ የታተመ የሽፋን ወረቀት ሆነ፦ የጥቅል ቁጥር፣ ቀበሌ፣ ወር፣ የቅጠል ብዛት። መስመሩ ሽፋኑን ያነብባል፣ የደረሱትን ይቆጥራል፣ እስኪገጥም ይጠብቃል፤ ካልገጠመ ለላኪዋ «23 ተብሎ 22 ደርሷል» የሚል መልእክት ይልካል። ወሩ ከሽፋኑ መወሰዱም ሌላ ጥቅም አለው፤ የፋይሉ ቀን ፎቶው የተነሳበት ስለሆነ የሰኔ 30 ቫውቸር ሐምሌ ላይ ቢነሳ ወደ አዲሱ በጀት ዓመት ይሻገር ነበር።

በፈቃድ ጉዳይ እጄን አላላላም። ደረሰኞቹ ላይ የሰው ስም፣ ፊርማና የገንዘብ መጠን አለ፤ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 አለ። ማቀነባበሪያው የራሱ አካውንት ይኑረው፤ የሚያየው ያን አንድ ፎልደር ብቻ ይሁን፤ ያንብብ እንጂ አይሰርዝ፣ አይለውጥ። «ሊንኩ ያለው ሁሉ ያያል» የሚለው ምርጫ በእንዲህ ያለ ፎልደር ላይ ጨርሶ አይነካም።

አንድ መሥሪያ ቤት ሥራውን ሲሰጠኝ ኮድ ከመጀመሬ በፊት የምጠይቀው ግን ፎልደሩ በማን ስም እንደተከፈተ ነው። ብዙውን ጊዜ መልሱ የአንድ ሠራተኛ የግል ጂሜይል ነው። ሠራተኛው ወደ ዱራሜ ሲዛወር ወንበሩንና ኮምፒውተሩን አስረክቦ፣ ክሊራንስ ጨርሶ ይሄዳል፤ የዓመታት ሰነድ ያለበት ፎልደር አብሮት ይሄዳል። አካውንቱ በመሥሪያ ቤቱ ስም እንዲከፈት፣ የይለፍ ቃሉና መልሶ ማግኛ ስልኩም በርክክብ ቅጹ ላይ እንደ አንድ ንብረት ራሱን የቻለ ረድፍ እንዲኖራቸው አደርጋለሁ፤ ያ ረድፍ ተሞልቶ ሳይፈረም መስመሩን አላገናኝም።