በሰው አገር ስለ ተለካ ልብስ

በቆቦና በዙሪያዋ ባለው በራያ ቆላ፣ አንድ ሰው አዲስ ሙሉ ልብስ ለብሶ ወደ ሠርግ ወይም ወደ ማኅበር ሲመጣ፣ የሚያመሰግኑት ሰዎች ጨርቁ ጠንካራ ነው፣ ስፌቱም ያማረ ነው ብለው አያመሰግኑትም። «በውጭ አገር ተለክቶ የተሰፋ ነው» ይላሉ። ይህ ከተባለ በኋላ ስለ ልብሱ ሌላ ነገር መጠየቅ እንደ ድፍረት ይቈጠራል። እኔ ግን ብዙ ዘመን የተማሪዎችን ደብተር ሳርም የኖርሁ ሰው ስለ ሆንሁ፣ መልሱን ከመቀበሌ በፊት አሠራሩን ማየት ልማዴ ነው። ስለዚህ ይህን ምስጋና ራሱን ልመረምረው አስቤአለሁ። ይህንም የማደርገው የማንንም ልብስ ለማጥላላት አይደለም፤ ምስጋናው የሚገባው ምን ሲሆን እንደ ሆነ፣ የማይገባውም ምን ሲሆን እንደ ሆነ ለመለየት ነው እንጂ።

በመጀመሪያ ተለክቶ የተሰፋ ልብስ ማለት ምን እንደ ሆነ እንይ። ሰፊው ሜትሩን ዘርግቶ የደረትን፣ የትከሻን፣ የክንድንና የወገብን ልክ ይወስዳል። ልክ ግን ቍጥር ብቻ አይደለም። የአንዱ ሰው ቀኝ ትከሻ ከግራው ዝቅ ያለ ነው፤ አንዱ ይጐብጣል፤ ሌላው ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል። ይህን ሁሉ ሜትር አይናገረውም፤ የሚያየው የሰፊው ዓይን ነው። ስለዚህ ጥሩ ሰፊ ጨርቁን ከቈረጠ በኋላ ወዲያው አይጨርሰውም። በነጭ ክር ላላ አድርጎ አያይዞ በባለቤቱ ገላ ላይ ይሞክረዋል፤ የተሸበሸበውን ያቃናል፣ የጠበበውን ይለቃል፣ ፈትቶም እንደ ገና ያያይዘዋል።

በለንደን ከተማ ሳቪል ሮው በሚባለው መንገድ ያሉ ሰፊዎች በዚህ ሥራ የታወቁ ናቸው። ከእነርሱ አንዱ የሆነው የሄንሪ ፑል ቤት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1806 ነው። በዚያ መንገድ አንድ ሙሉ ልብስ ለመስፋት ቢያንስ 50 ሰዓት ያህል የእጅ ሥራ ይፈጃል። ባለቤቱም እየተመላለሰ ይሞክረዋል፤ ልብሱንም የሚረከበው ከብዙ ሳምንት በኋላ ነው። እንግዲህ በውጭ አገር ተለክቶ የተሰፋ ልብስ ዝናውን ያገኘው ከእንደዚህ ያለው ትዕግሥት ነው።

መንገደኛው የሚያሰፋው ልብስ ግን ብዙ ጊዜ የዚህ ወገን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1949 ቻይና በኮሚኒስቶች እጅ በገባች ጊዜ ከሻንጋይ ብዙ ሰፊዎች ወደ ሆንግ ኮንግ ሸሹ። እጃቸው የሠለጠነ፣ ዋጋቸውም ርካሽ ስለ ነበረ፣ በመርከብ የሚያልፈው ሁሉ ወደ ሱቃቸው ይገባ ጀመር። በ24 ሰዓት ተሰፍቶ የሚሰጥ ሙሉ ልብስም የከተማይቱ ዝና ሆነ። ከዚያም በታይላንድ ባንኮክ፣ በቬትናም ሆይ አን የምትባለው ከተማ በዚሁ ንግድ ታወቁ። ከእነዚህ ሰፊዎች መካከል እጅግ የተካኑ አሉ። ነገር ግን ሒሳቡን ተመልከቱት። 50 ሰዓት የሚፈጅ የእጅ ሥራ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲገባ ከተፈለገ፣ ወይ ሥራው ለብዙ እጅ ይከፋፈላል፣ ወይ ከሥራው አንዳች ነገር ይቀራል። የሚቀረውም ብዙውን ጊዜ ከውስጥ ያለው ነው። በደረቱ ውስጥ በእጅ ተሰፍቶ መግባት የነበረበት ሸራ ቀርቶ፣ ሙጫ ያለው ጨርቅ በጋለ ካውያ ይለጠፍበታል። ሙጫው ደግ ከሆነ ብዙ ዘመን ይቈያል፤ ክፉ ከሆነ ግን ጥቂት ጊዜ ታጥቦ ሲተኰስ የኮቱ ፊት እንደ ተቃጠለ ቆዳ ያብጣል። አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ለእንደዚህ ያለው ነገር ነው።

ሌላም ጕዳይ አለ። መንገደኛ ለሰፊው አንድ ጊዜ ብቻ የሚታይ ደንበኛ ነው። አውሮፕላኑ ከተነሣ በኋላ ክንዱ ቢያጥር፣ ገበሩ ቢተረተር ለማን አቤት ይላል? የሰፈራችን ሰፊ ግን ያበላሸውን ኮት በየገበያው ቀን ያየዋል፤ ባለቤቱም በሰላምታ ፈንታ እጅጌውን ያሳየዋል። ይህ ኀፍረት ከማናቸውም የጽሑፍ ዋስትና የበለጠ ዋስትና ነው።

ወጣቶች ሆይ፣ ዕድል ገጥሟችሁ በሰው አገር ልብስ ብታሰፉ እነዚህን ነገሮች አስቡ። በደረሳችሁበት ቀን እንጂ በምትመለሱበት ዋዜማ ወደ ሰፊ አትሂዱ። ሳያያይዝና ሳይሞክር እጨርሳለሁ ከሚል ሰፊ ራቁ። ገንዘቡን ሁሉ አስቀድማችሁ አትክፈሉ። ልብሱን ስትረከቡ ገልብጣችሁ ውስጡን እዩ፤ ብትወፍሩ የሚለቀቅ ትርፍ ጨርቅ በስፌቱ ዳር መተዉን ተመልከቱ። መስመር ያለው ጨርቅ ከሆነ፣ የኪሱ መስመር ከኮቱ መስመር ጋራ ገጥሞ እንደ ሆነ እዩ። ሰፊን የሚያስመሰግነው ወይም የሚያጋልጠው ይህ ነው።

ከስፌቱ ቀጥሎ የሚመረመረው ልብሱ ለሚለበስበት አገር መስማማቱ ነው። ቆቦ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች፣ ከዞብል ተራራ ወዲህ ባለው ሜዳ የተቀመጠች ሞቃት ከተማ ናት። የራያ ገበሬ ማሽላውን ሲያጭድ ሽርጥ የሚያገለድመው፣ ሌሊትም ጋቢ የሚደርበው ድኻ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም፤ አገሩን ስለሚያውቅ ነው። ለብርድ አገር የተፈተለ ወፍራም ሱፍ በግንቦት ፀሐይ የለበሰ ሙሽራ ግን በሠርጉ ቀን ደስ ብሎት ሳይሆን ልብሱን ታግሦ ይውላል። በዚህ ነገር ከሳዑዲ ዓረቢያ የሚመጣው ነጭ ጀለቢያ ይሻላል። በዚያ አገር ሰዎች ጀለቢያን ለክተው ማሰፋት የተለመደ ነው፤ አየር የሚያስገባ ስለ ሆነም ለእኛ ቆላ ይስማማል። እንግዲህ ነቀፌታዬ ከውጭ በመጣ ነገር ሁሉ ላይ እንዳልሆነ ከዚህ ዕወቁ። ሰፊዎቻችን የሚሰፉበት መኪና ራሱ ከውጭ የመጣ ነው፤ ሲንጀር የተባለው አሜሪካዊ መኪናውን በሕግ ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1851 ነበር።

አሁን ደግሞ ስለ ልክ የሚያስተምር አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ በጅዳ ስምንት ዓመት ሠርቶ ሲመለስ፣ ለአባቱ በዚያ አገር ያሰፋውን ሙሉ ልብስ ይዞላቸው መጣ። ልኩን ለሰፊው የሰጠው «ቁመቱ እንደ እኔ ነው፣ ትከሻው ግን ከእኔ ይሰፋል» ብሎ ነበር። እውነቱን ነው፤ ሲለያቸው አባቱ ሞፈርና ቀንበር ተሸክመው ወንዝ የሚሻገሩ ሰው ነበሩ። በስምንት ዓመት ውስጥ ግን ሰውነታቸው አልቆ ነበር። ለፋሲካ ሲለብሱት ኮቱ ከትከሻቸው ወርዶ፣ እጅጌውም ጣታቸውን ሸፍኖ ታየ። እርሳቸው «እንዴት ያለ ልብስ ነው!» እያሉ ልጃቸውን መረቁት፤ ልጁ ግን አንገቱን ደፍቶ ዋለ። በኋላ ኮቱን በገበያው ዳር በረንዳ ላይ ለሚሰፋ ሰው ሰጡት። እርሱም ገበሩን ፈትቶ፣ ትከሻውን ቈርጦ፣ በጥቂት ቀን ልክ አደረገው። ሥራውን ሳይ ዘንድ በሄድሁ ጊዜ፣ «መምህር፣ ጨርቁም ጥሩ ነው፤ የሰፋውም ሰው እጁ የተባረከ ነው። ያላየውን ሰው ሰፋ እንጂ» አለኝ።

በመጽሐፈ ሳሙኤል የተጻፈችው ሐና ልጅዋን ለቤተ መቅደስ ከሰጠች በኋላ በየዓመቱ ትንሽ መደረቢያ እየሠራች ትወስድለት ነበር። ስለ ፍቅሯ ብዙ ተሰብኳል፤ እኔን ግን የሚያስደንቀኝ ሌላ ነገር ነው። በየዓመቱ ስለ ሄደች ልጁ ምን ያህል እንዳደገ አየች። በሩቅ የሚኖር ሰው ለወገኑ ጨርቅ ሊልክ ይችላል፤ ልኩን ግን ሊያውቅ የሚችለው ሲያየው ብቻ ነው።

ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ከራያ ብዙ ወጣቶች በአፋርና በጅቡቲ በኩል አድርገው፣ ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን ተሻግረው ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ይሄዳሉ። በባሕሩና በበረሃው የቀሩት ብዙዎች ናቸው። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በነበሩት ወራት ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን መልሳለች፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ የተመለሱት ከለበሱት ልብስ በቀር ምንም ሳይዙ ነበር። በእነዚህ ሁሉ መካከል ግን ወደ መንደራችን ቀድሞ የሚደርሰው ሙሉ ልብስ ለብሶ የተነሣ የአንድ ወጣት ፎቶግራፍ ነው። ታናናሽ ወንድሞቹ እርሱን ያያሉ። መጽሐፍን መመርመር የተማረ ሰው ግን የተጻፈውን ብቻ አያነብም፤ ያልተጻፈውንም ይጠይቃል። በፎቶግራፉ ላይ ኮቱና ከረባቱ አሉ፤ የደላላው ዕዳ፣ የባሕሩ ሌሊት፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ተደራርቦ የሚተኛው ጓደኛ የሉም። ልብሱም የተዋሰው እንደ ሆነ ፎቶግራፉ አይናገርም። «በውጭ አገር ተለክቶ የተሰፋ ነው» እያልን የምናወድስ እኛ ሽማግሎች፣ ልጆቹን ወደ ባሕሩ ከሚመራው ደላላ ጋራ ሳናውቀው አንድ ቋንቋ እየተናገርን ነው።

አንዳንዱ ወጣት ግን «በሰው አገር ፋሽን ካልለበስሁ ማን ያከብረኛል?» ይል ይሆናል። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. አውሮፓን ሲጐበኙ የታዩት በአገራቸው ልብስ፣ ካባቸውን ደርበው ነው። ንጉሠ ነገሥት ከሆኑ በኋላም ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ አገራቸው ሲናገሩ ካባ ደርበው ነበር። አገራቸው ተወርራ፣ እርሳቸውም ተሰደው ሳሉ እንኳ ማንነታቸውን ከልብስ ሰፊ አልተበደሩም። «በሰው ወርቅ አይደምቁ» ማለት ይህ ነው።

ነገር ግን ጥፋቱን ሁሉ በሄዱት ልጆች ላይ ብንጭን ፍርዳችን ይጓደላል። የአገራችንን ሰፊ እንዴት እንደምንይዘው እንመልከት። ለጥምቀት፣ ለፋሲካ ወይም ለዐረፋ ሁለት ቀን ሲቀረው ጨርቅ ተሸክመን እንመጣለን። አንድ ጊዜ ተለክተን እንሮጣለን፤ ሞክረው ሲለን ጊዜ የለንም፤ ዋጋውን እስኪመረር እንከራከራለን። ከዚያ በኋላ ልብሱ ሲጠበን «የአገር ሰፊ!» ብለን እንስቃለን። ለለንደን ሰፊ ብዙ ሳምንት መጠበቅ ክብር ከሆነ፣ ለቆቦ ሰፊ አንድ ሳምንት መጠበቅ ስለ ምን ውርደት ይሆናል? ንቀቱ ሥር የሰደደ ነው። ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ፣ ቀጥቃጩን ቡዳ ብለው የሚሰድቡትን ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከልክለው ነበር። አዋጁ ስድቡን ከአፍ አስወጣ፤ ከልብ ያስወጣው ግን ስንቱን ነው? ያ የአባትዮውን ኮት ያስተካከለው ሰው ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ከተማው ሲያዝ፣ የመኪናውን ራስ ከእግሩ ነቅሎ በትከሻው ተሸክሞ የሸሸ ነው። ቤቱን ጥሎ መኪናውን ማዳኑ ለሥራው ያለውን ክብር ያሳያል። እኛ ግን ያንን ክብር ግማሹን እንኳ አልሰጠነውም።

ከሰው አገር ምን ይምጣ ብትሉኝ መልሴ ይህ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ወደ ጃፓን ተልከው ሄደው፣ ያዩትን ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን በሚል መጽሐፍ ጻፉ። ጃፓኖች የአውሮፓን ልብስ በመንግሥት ሥርዓት የተቀበሉት እ.ኤ.አ. በ1872 ነበር። ነገር ግን ልብሱን ለብሰው አልተቀመጡም፤ አሠራሩን ተማሩ። ሳኪቺ ቶዮዳ የሚባል ሰው የሽመና መኪና ሲያሻሽል ኖሮ፣ ቤተ ሰቡ የፈጠራውን መብት እ.ኤ.አ. በ1929 ለእንግሊዝ ፋብሪካ ሸጠ። ከዚያ የሽመና ፋብሪካ ውስጥ በቅሎ እ.ኤ.አ. በ1937 ራሱን የቻለው ኩባንያ፣ ዛሬ በወልድያና በአላማጣ መንገድ ሲመላለስ የምታዩትን ቶዮታ የሚሠራው ነው። እኛም የሚሰፋ እጅ የለንም ማለት አይቻልም፤ በሐዋሳ በ2008፣ በኮምቦልቻ በ2009 ዓ.ም. በተመረቁት የኢንዱስትሪ ፓርኮች እኅቶቻችሁ ለውጭ ገበያ ልብስ ሰፍተዋል። ስለዚህ በሰው አገር የሚያሰፋ የራያ ልጅ እኅቱ የሰፋችውን ሸሚዝ ከውስጥ ለብሶ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ወደ ሰው አገር የምትሄዱ፣ በሕግና በሰላም ሂዱ። ወደ ሰፊ ሱቅ ስትገቡም ልብሱን ብቻ አትመልከቱ፤ ሰፊው መቀሱን እንዴት እንደሚይዝ፣ የት እንደሚያመለክት፣ ስንት ጊዜ እንደሚለካ ተመልከቱ፤ የምትችሉ ከሆነም ተማሩት። በአገር ያላችሁ ደግሞ ለሚመጣው በዓል ልብስ የምታሰፉ ከሆነ፣ ከአንድ ወር በፊት ወደ ሰፈራችሁ ሰፊ ሂዱ፤ ሞክረው ሲላችሁ ቁሙለት፤ ዋጋውን ሳታጓድሉ ክፈሉት። ያን ጊዜ ቢያበላሸው ወቀሳችሁ ፍርድ ይሆናል፤ ከዚያ በፊት ግን የምትሰጡት ወቀሳ ስድብ ብቻ ነው።