አዲሱ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና በምን ይመዘን?

የተለመዱት መድኀኒቶች የማይበግሩትን የሳንባ ነቀርሳ ለማከም በብዙ አገሮች ከተደረጉት ጥናቶች አንዱ ስትሪም የተባለው ነው። የአዲስ አበባው የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታልና የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ስለ ተካፈሉበት፣ ነገሩ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። ስለዚህ ውጤቱን ከማመስገን አልፈን ልንመረምረው ይገባናል።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2019 የወጣው የመጀመሪያው ክፍል፣ 20 ወር ያህል የሚፈጀውን ሕክምና ከ9 እስከ 11 ወር ከሚፈጀው ጋር ያወዳድራል። በጎ ውጤት ያገኙት በረጅሙ ከመቶ 79.8፣ በአጭሩ ከመቶ 78.8 ናቸው። ከዚህ በመነሣት አጭሩ ከረጅሙ አያንስም ተባለ። በቍጥሩ አንከራከርም። ነገር ግን ዋናው ሚዛን የጠየቀው አክታው ከጀርም መንጻቱንና በሽተኛው መትረፉን እንጂ ጆሮው መስማቱን አልነበረም። ካናማይሲን የተባለው መርፌ ከአጭሩም ሕክምና አልተወገደም ነበር፤ ይህ መድኀኒት የውስጥ ጆሮን ሕዋሳት ሊገድል ይችላል፤ እነርሱም ከሞቱ አይተኩም።

በ2022 የታተመው ሁለተኛው ክፍል መርፌውን ቤዳኩዊሊን በተባለ ክኒን ተካ። የ9 ወሩ የክኒን ሕክምና ከመቶ 83 ሲሳካ፣ የመርፌው 71 ሆነ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ማን ምን እንደሚወስድ ሐኪሙም በሽተኛውም ያውቁ ነበር፤ በጥናቱ ደንብ ደግሞ ከተመደበው ውጭ ሌሎች መድኀኒቶችን መጀመር እንዳለመሳካት ሊቈጠር ይችላል። መርፌውን የሚሰጋ ሐኪም ቶሎ ሊለውጠው ስለሚችል፣ ልዩነቱ ሁሉ ጀርሙን በመግደል የተገኘ ነው ማለት አይቻልም። ከዚህ ይልቅ ጽኑ ማስረጃ የምንለው የጆሮውን ምርመራ ነው፤ ብርቱ የመስማት ጕዳት የደረሰባቸው በክኒኑ ከመቶ 2፣ በመርፌው ከመቶ 9 ናቸው።

በእንጦጦ ሥር ካለው ከቅዱስ ጴጥሮስ ወጥቶ በምሥራቅ ወዳለው ወደ ሰሚት የሚመለስ ሰው እናስብ። አክታው ነጽቶ፣ የታክሲው ረዳት የሚጠራውን ሠፈር ግን መስማት ቢሳነው፣ መዝገቡ «ዳነ» ይለዋል፤ እርሱ ግን እንደ ቀድሞው ሥራውን ሊሠራ ይቸግረዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ቤዳኩዊሊን ያለበትን የ6 ወር የክኒን ሕክምና መክሯል። ምክሩን እንደግፋለን። ይሁን እንጂ ቤዳኩዊሊንንም የሚቋቋሙ ጀርሞች ስለ ተገኙ፣ ክኒኑ ከላቦራቶሪ ምርመራ ሊለይ አይገባም። ወደ ፊት የሚመጡ ጥናቶችም በሕይወት የተረፈው ሰው ምን እንደ ጐደለበት በዋናው ሚዛን ላይ እንዲያስቀምጡ እንጠይቃለን።