ቀልብ የት ይሰበሰባል? ስለ ስልክ ልክ የተጻፉ ሁለት መጻሕፍት በሰው አገር ሲነበቡ

በእንግሊዝኛ ትኩረት የሚከፈል ነገር ነው። መምህር ተማሪውን «ትኩረትህን ክፈል» ይለዋል። ቃሉ የገበያ ቃል ነው፤ በዚያ ቋንቋ ስለ ስልክና ስለ ሱሱ የሚጻፈውም አብዛኛው ከገበያው አይወጣም። ኢኮኖሚስቱ ኸርበርት ሳይመን እ.ኤ.አ. በ1971 መረጃ በተትረፈረፈ ቁጥር ትኩረት እንደሚያጥር አመለከተ፤ ከዚያ ወዲህ «የትኩረት ኢኮኖሚ» የሚባል ሙሉ ዓለም ተፈጠረ። በዚህ ዓለም ውስጥ ሻጭ አለ፣ ገዢ አለ፣ ሌባ አለ፣ የተዘረፈ ባለንብረት አለ።

አማርኛ ሌላ ሥዕል ይዟል። እኛ ልብ እንላለን፤ ልብ እንሰጣለን፤ ቀልባችንን እንሰበስባለን። ቀልብ፣ በዐረብኛ ልብ ማለት ከሆነው ቃል ጋር የሚዛመድ፣ ይሳባል፣ ይበተናል፣ ይሰበሰባል። ቀልቡ የተበተነ ሰው ያጣው ነገር ቦታ ነው፦ በአንድ ጊዜ ብዙ ቦታ ስላለ የትም የለም። እንግሊዝኛው «ምን ያህል ታወጣለህ?» ብሎ ሲጠይቅ አማርኛው «የት ነህ?» ብሎ ይጠይቃል።

ከአገሩ ርቆ ለሚኖር ሰው ሁለተኛው ጥያቄ ከባድ ነው። የስልክ አጠቃቀምን መግታት ስለሚቻልበት መንገድ ከተጻፉት መካከል በብዙ አንባቢ እጅ የገቡ ሁለት መጻሕፍትን ጎን ለጎን ሳነብ የተከተለኝም ይኸው ጥያቄ ነበር። የካል ኒውፖርት «ዲጂታል ሚኒማሊዝም» እና የጄኒ ኦዴል «ሃው ቱ ዱ ናቲንግ» (ምንም አለማድረግ እንዴት ይቻላል እንደ ማለት ነው) ሁለቱም የታተሙት እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ሁለቱም ሊነበቡ የሚገባቸው ናቸው። ሁለቱም ግን አንድ ሰው አንድ ቦታ እንደሚኖር ሳይጠይቁ ይቀበላሉ። የእኛ ሕይወት ደግሞ እንዲህ አይደለም።

የኒውፖርት ሒሳብ

ኒውፖርት በዋሽንግተን ዲሲ በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንስ መምህር ነው። በአሜሪካ ትልቁ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ በሚኖርበት አካባቢ ተቀምጦ ነው የሚጽፈው። የመጽሐፉ አጥንት ከሄንሪ ዴቪድ ቶሮ የተዋሰው ሒሳብ ነው፦ የአንድ ነገር እውነተኛ ዋጋ እሱን ለማግኘት የሰጠነው ዕድሜ ነው። በዚህ ሚዛን አንድ አፕሊኬሽን «ትንሽ ይጠቅመኛል» ማለት በቂ ምክንያት አይሆንም። ከዕድሜዬ ስንት ወሰደ? በዚያው ዕድሜ ሌላ ምን ይሠራበት ነበር?

ዘዴውም ቀላል ነው። ለ30 ቀን የግድ ያልሆነውን ሁሉ ማቆም፤ ከዚያ በኋላ ሕይወታችን ውስጥ ለምናከብረው ነገር በእርግጥ የሚያገለግለውን ብቻ፣ መቼና እንዴት እንደምንጠቀምበት ወስነን መመለስ። ዕቃ ሁሉ ወደ ደጅ ወጥቶ፣ ቤቱ ተጠርጎ፣ የሚያስፈልገው ብቻ ተመርጦ እንደሚገባ ማለት ነው። ደራሲው ከ1,600 በላይ ሰዎች ይህን እንደሞከሩ ይነግረናል። ብዙዎቹ መጀመሪያ ያጋጠማቸው ነፃነት ሳይሆን ባዶነት መሆኑን አለመደበቁ የመጽሐፉ አንዱ ጥንካሬ ነው። ስልኩ የሸፈነው ጉድጓድ ካልተሞላ ስልኩ ይመለሳል።

ሌላው ጥንካሬው ጭውውትን ከመነካካት መለየቱ ነው። ከሼሪ ተርክል ተምሮ እንደሚለው፣ በፎቶ ሥር የተቀመጠች ልብ ወይም አውራ ጣት ጭውውት አይደለችም፤ ድምፅ የሚሰማበት ወይም ፊት የሚታይበት ግን ነው። ስለዚህ እናቱን በቪዲዮ የሚያነጋግር ልጅ በኒውፖርት ችሎት አይከሰስም። መጽሐፉን ሳያነቡ «ስልክ ጣሉ የሚል ፈረንጅ» ብለው ለሚያልፉት ይህን መናገር ተገቢ ነው።

ችግሩ ያለው ምሳሌዎቹ ውስጥ ነው። ኒውፖርት ከሚያደንቃቸው ዘዴዎች አንዱ በሲሊከን ቫሊ የሚሠራ አንድ ኃላፊ የዘረጋው ነው፦ ሰውዬው በሥራ ቀናት ከምሽቱ 5፡30 ላይ በመኪና ወደ ቤቱ ሲመለስ የሚደውልለት ሁሉ እንደሚያገኘው ለወዳጆቹ አሳውቋል። ግሩም ነው። በዋሽንግተን ሰዓት እንሞክረው ብንል ግን፣ የዋሽንግተን 5፡30 በአዲስ አበባ በበጋቸው ከሌሊቱ 6፡30፣ በክረምታቸው ከሌሊቱ 7፡30 ነው። እናት ተኝታለች። በዚያ ሰዓት ከአገር ቤት ስልክ ከጮኸ ደግሞ ለጭውውት አይደለም፤ የሚጮኸው ለመርዶ ነው። ሌሊት ስልኩን ከራስጌው የማያርቅ ስደተኛ ሁሉ ሱሰኛ አይደለም።

በዚህች ትንሽ ምሳሌ ውስጥ የመጽሐፉ ትልቅ ግምት ተቀምጧል፦ ዝምታን የሚመርጠው የስልኩ ባለቤት ነው የሚል። እኛ የምናውቀው ዝምታ ሌላ ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ከድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ገደማ ተዘጋ። በትግራይ ጦርነቱ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ሲጀመር ስልክም ኢንተርኔትም ተቋረጠ፤ ብዙ ቤተሰብ የወላጆቹን ድምፅ ሳይሰማ ከዓመት በላይ ቆየ። በአማራ ክልልም ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፋ። በባሕረ ሰላጤው አገሮችና በሊባኖስ በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን ስልካቸውን በአሠሪ እንደሚነጠቁ የሰብዓዊ መብት ድርጅቶች ደጋግመው መዝግበዋል። እነዚህም «ስልክ አልባ ቀናት» ናቸው፤ ማንም ግን ከእነሱ ታድሶ አልወጣም። በስልክ ላይ ያለፈው ሰዓት ማነስ ብቻውን የጤና ምልክት ቢሆን ኖሮ፣ እነዚያ ወራት የጤናችን ዘመን በሆኑ ነበር።

የኦዴል መሬት

ጄኒ ኦዴል ይህን ስሕተት በከፊል ታርመዋለች። በካሊፎርኒያ ኦክላንድ የምትኖር አርቲስት ናት። መጽሐፏም የሚጀምረው ከቤቷ አቅራቢያ ባለ የጽጌረዳ አትክልት ቦታ ቁጭ ከማለት ነው። ከስልክ የምትሸሽ አይደለችም፤ እንዲያውም ገንዘብ ያላቸው ሰዎች ለጥቂት ቀን ጫካ ገብተው፣ ታድሰው፣ ይበልጥ ለማምረት የሚመለሱበትን «ዲጂታል ማጥራት» ትተቻለች። እምቢ ማለት አቅም ይጠይቃል ትላለች፤ አንዱ ቢቀር የሚያጣው ነገር የለም፣ ሌላው ቢቀር እንጀራው ይቀራል። ስለዚህ ዓይኗን ወደ ጋራ እምቢታ ታዞራለች፤ እ.ኤ.አ. በ1934 የሳን ፍራንሲስኮ የወደብ ሠራተኞች ያደረጉትን አድማ የምታነሳው ለዚህ ነው። ሰው ብቻውን የማይችለውን ትኩረት በኅብረት ሊችለው ይችላል።

መድኃኒቷ መሬት ነው። ስልኩ የሚወስደውን ቀልብ ለቆምክበት ቦታ ስጠው፤ ወንዙን፣ ዛፉን፣ ወፉን በስሙ እወቀው ትላለች። ወደ ሰገነቷ እየመጡ ስለሚጎበኟት ቁራዎች የጻፈችው ከመጽሐፉ ውብ ክፍሎች አንዱ ነው።

እዚህ ላይ በሁለት ልብ አነበብኳት። አንደኛው ልቤ ይከራከራታል፦ የቆምኩበት ቦታ አንድ ቢሆን ጥሩ ነበር። እግሬ እዚህ ነው፤ የምጾረው ቤተሰብ፣ የምቀብረው ዘመድ፣ የማነበው ቋንቋ በአብዛኛው እዚያ ነው። ለእኔ መሬቱ ራሱ በከፊል ስልኩ ውስጥ ነው። ዕድሩ የቴሌግራም ቡድን ሆኗል፤ ልቅሶ የሚደረሰው በቪዲዮ ነው፤ የአማርኛ መጽሐፍ የሚገኘው ብዙ ጊዜ በድምፅ ትረካ ወይም በፋይል ነው። ይህን ሁሉ «መዘናጊያ» ብሎ መጥራት የሰውን አገር መዘናጊያ ብሎ መጥራት ነው።

ሁለተኛው ልቤ ግን ይሸነፍላታል። ዋሽንግተን ውስጥ ሃያ ዓመት ኖሮ ከተማውን የሚያቋርጠውን የአናኮስቲያን ወንዝ ስም የማያነሳ፣ የቀበሌውን ምርጫ የማያውቅ፣ የጎረቤቱን ልጅ ስም ያልጠየቀ ሰው በመካከላችን ስንት ነው? ስልኩ ሁለት ቦታ እንድንኖር ፈቅዶልናል፤ አንዱንም በወጉ እንዳንኖር ግን ቀስ ብሎ አስለምዶናል። ኦዴል ለስደተኛ አልጻፈችም፤ የጻፈችው ግን ስደተኛውን ይነካዋል።

የእኛ ሰዓት የት ይሄዳል?

እንግዲህ ሁለቱ መጻሕፍት የማያውቁንን ያህል እኛም ራሳችንን መጠየቅ አለብን። «ስልኬ አገሬ ነው» የሚለው ክርክር እውነት ነው፤ እውነት ስለሆነም መደበቂያ ሆኖ ያገለግላል። አፕልና ጉግል እ.ኤ.አ. በ2018 በስልኮቻቸው ላይ የሰዓት መቁጠሪያ ሲጨምሩ ሰዓቱን በደቂቃ እንድናየው አደረጉ። ለማን እንደሰጠነው ግን ቁጥሩ አይናገርም። ያን መለየት የእኛ ድርሻ ነው። ሰው አንድ ሳምንት የስልኩን ሪፖርት ይዞ ከሰዓቱ ጎን የሰው ስም ለመጻፍ ቢሞክር፣ ብዙው ሰዓት ስም እንደማይገኝለት ያያል።

ስም የማይገኝለት ያ ሰዓት በዳያስፖራው ዘንድ የሚለብሰው የተከበረ ልብስ አለ፤ የአገር ጉዳይ ይባላል። አንድ ዜና ይሰማል፤ ስለ ዜናው የሦስት ሰዓት ትንታኔ ይከተላል፤ ትንታኔውን የሚሳደብ ሌላ ቀጥታ ስርጭት ይከፈታል፤ ሌሊቱ ይጋመሳል። ሲነጋ አዲስ የታወቀ ነገር የለም፤ አዲስ የተጠላ ሰው ግን አለ። በዚያው ሳምንት ለአክስት አልተደወለም። ኒውፖርት ትሪስታን ሃሪስን ጠቅሶ ስልክን ከቁማር ማሽን ጋር ያወዳድራል፤ መያዣው ሽልማቱ መቼ እንደሚመጣ አለመታወቁ ነው። ለእኛ ማሽኑ ላይ የሚሽከረከረው የአገራችን ሥቃይ ነው። ከማሽኑ ያልተነሣነው በፍቅር ነው ብለን ስለምናምን፣ መነሣት ክሕደት ይመስለናል። እኔ እንደማየው የእኛ የስልክ ችግር ልዩ የሆነው በዚህ ነው፤ ሁለቱም መጻሕፍት አይደርሱበትም።

መጨረሻ ያለው ነገር

ታዲያ ምን ይሻላል? መልሱን ከሚያውቁት ቅርሶቻችን አንዱ የሬዲዮ ትረካ ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ፤ ለብዙ ሺህ ሰው ጆሮ የደረሰው ግን ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ነው። ያ ትረካ ሰዓት ነበረው። ያልፋል ተብሎ ይሮጡለት ነበር፤ ሲያልቅም ያልቃል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው እስከሚቀጥለው ክፍል ድረስ ስለ በዛብህና ስለ ሰብለወንጌል ከጎረቤት ጋር መጨዋወት ነው። ዛሬ ያው ድምፅ ዩቲዩብ ላይ አለ፤ በማንኛውም ሰዓት ይገኛል፤ ይህም ለእኛ ስጦታ ነው። ልዩነቱ ሲያልቅ ነው፦ ወጋየሁ ዝም ሳይል ሌላ ነገር ራሱን ይከፍታል። ሥራው አንድ ነው፤ ድምፁ አንድ ነው፤ የተወሰደው ከክፍል በኋላ የነበረው ዝምታ ነው። ማለቂያ የሌለውን የስክሮል ገጽ እ.ኤ.አ. በ2006 የነደፈው አዛ ራስኪን ኋላ መጸጸቱን በአደባባይ ተናግሯል። የነካው ነገር ምን እንደሆነ ከሬዲዮው ትውልድ በላይ የሚረዳው ያለ አይመስለኝም።

ሁለተኛው ቅርስ ጾም ነው። የኒውፖርትን 30 ቀን «የስልክ ጾም» ብሎ መተርጎም ይቀላል፤ ትርጉሙ ግን ያሳስታል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ የሚጾመው ሰው ቀኑን ራሱ አልመረጠውም፤ ብቻውንም አይጾምም። ድስቱ ይለወጣል፣ ምግብ ቤቱ የጾም በየዓይነቱን ያወጣል፣ ልጅም አዋቂም ያውቃል። የረመዳን ጿሚም የሚያፈጥረው ከሰው ጋር ነው፤ የማግሪብ አዛን ለሁሉም እኩል ይሰማል። በሁለቱም የግለሰቡ ጽናት ከኋላው ወጥ ቤትና ጎረቤት አለው። በሁለቱም መጨረሻ አለ፤ መጨረሻውም ማዕድ ነው። ኒውፖርት ሰውን ብቻውን ከማሽኑ ጋር ያታግላል። ኦዴል ኅብረት እንደሚያስፈልግ ታውቃለች፤ የኅብረቱን ቀን መቁጠሪያ ግን አትሰጠንም። እኛ ቀን መቁጠሪያ የማይቸግረን ሕዝብ ነን።

ስለዚህ የምንፈልገው ልማድ ከአንድ ሰው ቆራጥነት ይልቅ የቤት ስምምነት ቢሆን ይቀናል። ለአገር ቤት የሚደወልበት ቀንና ሰዓት ለሁለቱም ወገን በሚመች አኳኋን ይቆረጥ፤ እሑድ ጠዋት በዋሽንግተን በአዲስ አበባ ከሰዓት በኋላ ነው። ያ ጥሪ ይርዘም፤ በሰዓት አይቆጠር። የሌሊት ደወል ለእናት፣ ለአባት፣ ለወንድም ብቻ ክፍት ይሁን፤ ስልኩ ይህን መለየት ይችላል። ዜና በቀን አንድ ጊዜ፣ መጨረሻ ካለው ምንጭ ይሰማ። ማታ ከእራት በኋላ የቤቱ ስልክ ሁሉ፣ የአባትም ጭምር፣ አንድ ቦታ ይቀመጥ። ልጆች ቃላችንን ሳይሆን አውራ ጣታችንን ነው የሚያዩት።

ኒውፖርት ስንት እንደከፈልን ያስቆጥረናል፤ ኦዴል እግራችን ሥር ያለውን መሬት ታሳየናለች። ሁለቱንም አንብቦ የሚዘጋ የእኛ አንባቢ ግን የራሱን ጥያቄ ይዞ መነሣት አለበት። ሁለት ቦታ መኖር ዕጣችን ነው፤ ከዚያ የሚያድነን መጽሐፍ የለም። በየተራ ግን መኖር እንችላለን፤ ከእናት ጋር ስንሆን ከእናት ጋር፣ ከጎረቤት ጋር ስንሆን ከጎረቤት ጋር። ቀልብ የሚሰበሰበው እንዲህ፣ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ነው።