ዝም ማለት የሚያውቅ ቦርድ

ያለ ስልክ ኔትወርክ ከቦርድ ወደ ቦርድ በሬዲዮ አጭር ጽሑፍ የሚያስተላልፈውን ሜሽታስቲክ የተባለ ፈርምዌር ኢኤስፒ32 ቦርድ ላይ መጫን ያን ያህል የሚከብድ ሥራ አይደለም። ዳታ የሚያስተላልፍ የዩኤስቢ ገመድ (ቻርጅ ብቻ የሚያደርገው የብዙ ጀማሪ ሰዓት ይበላል) እና መጫኛ ድረ ገጹን የሚከፍት ክሮም ካለ፣ የቦርዱን ሞዴል በትክክል መርጦ፣ የነበረውን ሁሉ አጥፍቶ አዲሱን መጫን ነው። ኮምፒውተሩ ቦርዱን አላይ ካለ፣ ቡት የሚለውን ቁልፍ እንደተጫኑ ገመዱን መሰካት ነው። አንቴና ሳይታሰርለት ግን ለቦርዱ ኃይል መስጠት አይገባም፤ መውጫ ያጣ የሬዲዮ ጉልበት ተመልሶ ቺፑን ሊያቃጥል ይችላል። ሙያ የሚጠይቀው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ጥሩ ሜሽ (መልእክት የሚቀባበሉ ቦርዶች መረብ) የሚቆመው ብዙ በሚናገሩ ቦርዶች ሳይሆን መቼ ዝም እንደሚሉ በሚያውቁ ቦርዶች ነው፤ ይህን የሚወስነውም የሚያዘጋጃቸው ሰው ነው።

ምክንያቱ የአየሩ ጥበት ነው። ቦርዶቹ የሚነጋገሩበት ሎራ የተባለው ሬዲዮ ሩቅ የሚደርሰው ፍጥነቱን ቀንሶ ነው። ከፈርምዌሩ ጋር የሚመጣው ሎንግፋስት የተባለው አሠራር በሰከንድ 1 ኪሎቢት ገደማ ብቻ ያሳልፋል፤ ያችኑም የሰፈሩ ቦርዶች ሁሉ ይካፈሏታል። አንድ መልእክት በተደገመ ቁጥር ያው ጊዜ እንደገና ይወሰዳል። የእድር ጡሩንባ ነፊ የተናገረውን ሰፈሩ ሁሉ በየደጁ እኩል ቢጮኸው፣ ማን እንዳረፈ የሚሰማ አይኖርም። ፈርምዌሩ ይህን ያውቃል፤ ቦርዱ መልእክት እንደሰማ ወዲያው አይደግምም፣ ይጠብቃል። ምልክቱ ደክሞ የደረሰው፣ ብዙ ጊዜም ራቅ ያለው፣ ይቀድማል፤ ቅርብ ያለው ሌላው መድገሙን ከሰማ ይተወዋል። ሥርዓቱን የሚያፈርሰው «ራውተር» የሚለውን ሚና ያለ ቦታው የሚመርጥ ሰው ነው። ራውተር ሌላው ደገመም አልደገመም ይደግማል፣ ያውም ቀድሞ። ሳሎን ውስጥ የተቀመጠ ራውተር የተሻለ ቦታ ያለውን ጎረቤት ዝም ያሰኛል፤ ከተለመደው 3 ዝላይም (መልእክቱ ከቦርድ ወደ ቦርድ ከሚሸጋገርበት ቁጥር) አንዱን መልእክቱ ፈቀቅ ሳይል ይጨርሰዋል።

አዲስ አበባ ያለውን ኮልፌ 18 ማዞሪያን እንይ። በሰሜን እንጦጦ፣ በምዕራብ ወጨጫ ከፍ ብለው ይታያሉ፤ በመሃሉ ያሉት ዝቅ ያሉ ቤቶች ግን ጣሪያቸው ቆርቆሮ ነው፣ ቆርቆሮም ሬዲዮን ይመልሳል። ኮርኒስ ሥር ያለ ቦርድ በመስኮትና በግድግዳ በኩል እያጮለቀ ነው የሚናገረው። ለ868 ሜጋኸርትዝ የሚሆነው ሩብ ሞገድ አንቴና 8.6 ሴንቲሜትር ብቻ ነው፤ ይህችው ትንሽ ሽቦ ከጣሪያው ጫፍ በላይ ስትወጣ ከኃይል ጭማሪ የበለጠ ትሠራለች። ስለዚህ ተራሮቹን የሚያይ አንድ የፎቅ ጣሪያ ራውተር ይያዝ፣ ሌላው ሁሉ «ክላየንት» የሚለውን ተራ ሚና ይያዝ፤ ቤት ውስጥ ሁለተኛ ቦርድ ያለው ሰው እሱን የሌላውን መልእክት የማይደግም «ክላየንት ሚዩት» ያድርገው። ጣሪያ ላይ በፀሐይ ለሚሠራው ደግሞ ከኢኤስፒ32 ይልቅ ኃይል የሚቆጥበው ኤንአርኤፍ52 ይመረጣል።

«ዝላዩን እስከ መጨረሻው ገደብ 7 ብናደርሰው፣ ኃይሉንም ብንጨምር አይሻልም?» የሚል ይኖራል። ዝላይ ሲበዛ ጠባቡን አየር የሚይዘው ድግግሞሽም ይበዛል። ኃይልም ድምፅን ያሰፋል እንጂ ጆሮን አይከፍትም፤ መልሱን የማይሰማ ቦርድ አየር ከማጨናነቅ በቀር ጥቅም የለውም። «ስልክ እያለ ምን ያደርጋል?» ለሚለው፣ ከሰኔ 23 ቀን 2012 ጀምሮ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋርጦ እንደነበር ማስታወስ ይበቃል። ሜሽ ስልክን አይተካም፤ ድምፅም ፎቶም አያደርስም። ጽሑፉም ቢሆን አጭር ነው፤ መተግበሪያው የሚፈቅደው 200 ባይት ገደማ ሲሆን አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። «ሰላም ደርሻለሁ» 25 ባይት ነው። ለእንዲህ ያለው መልእክት ግን በቂ ነው። ከፈርምዌሩ ጋር የሚመጣው ቁልፍ በዓለም ሁሉ የታወቀ ስለሆነ፣ የግል ወሬ ያለው ሰው አስቀድሞ አዲስ ቁልፍ ይፍጠር።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የሕግ ነው፣ ተገቢም ነው። ቦርዱ የሚጠቀምበትን ሞገድ የሚወስነው የአገር ወይም የአካባቢ ምርጫ ካልተመረጠለት ጨርሶ አይልክም፤ በምርጫዎቹ ዝርዝር ውስጥ ደግሞ ኢትዮጵያ የለችም። አውሮፓ 868ን የመረጠ ሰው ቦርዱ በሰዓት ከ6 ደቂቃ በላይ እንዳይናገር የሚያግደውን ገደብ አብሮ ያገኛል፤ ይህ መልካም ነው፣ ግን ፈቃድ አይደለም። የአገራችንን ሞገድ የሚያስተዳድረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ጥያቄው ለእሱ መቅረብ ያለበት ራውተሩ ጣሪያ ላይ ከመውጣቱ፣ እንዲያውም 433 ወይም 868 የሚለው ቦርድ ከመገዛቱ በፊት ነው፤ ለአንዱ ሞገድ የተሠራን ቦርድ ፈርምዌር ወደ ሌላው አይለውጠውም።