«እኅታችን ድርሻዋን ትታለች»፦ ስለ ልማድ፣ ስለ ሸሪዓና ስለ ሕግ የሚቀርበው ክርክር ሲፈተሽ

ስለ ሴቶች ውርስ በሚጻፉ ጽሑፎችና በሚደረጉ ኹጥባዎች አንድ አከፋፈል ተለምዷል፤ በአንድ ወገን «ባህልና ሃይማኖት»፣ በሌላው ወገን «ዘመናዊ ሕግ» ይሰለፋሉ። አንዱ ተከራካሪ ሕጉን ከሃይማኖት የራቀ ይለዋል፤ ሌላው ሃይማኖትን ከጎጂ ልማድ ጋር አንድ ላይ ይፈርጀዋል። በእኛ እይታ ሁለቱም አንድ ስሕተት ይጋራሉ፤ ልማድንና ሸሪዓን ሳይለዩ ይከራከራሉ።

ሱረቱ አን-ኒሳእ በ7ኛው አንቀጽ ሴቶች ወላጆችና የቅርብ ዘመዶች ከተዉት ሀብት፣ ቢያንስም ቢበዛም፣ የተወሰነ ድርሻ እንዳላቸው ይደነግጋል፤ በ11ኛው አንቀጽ ደግሞ የልጆችን ድርሻ ይዘረዝራል። ድንጋጌው የወረደው መሣሪያ አንስቶ የማይዋጋ አይወርስም በሚባልበት ማኅበረሰብ ውስጥ ነው። ሸሪዓ እንግዲህ በልማድ ላይ የመጣ ሕግ ነበር። ሆኖም ዛሬም ሶላቱን በማያጓድል ቤተሰብ ውስጥ ያገባች ልጅ «የሰው ቤት ሰው» ተብላ፣ የአባቷ ሀብት በወንድሞቿ እጅ ሲቀር ይታያል። ለዚህ ድርጊት መከላከያ ተደርጎ የሚጠቀሰው «ልማድ ፈራጅ ነው» (አል-ዓደቱ ሙሐከማ) የሚለው የፊቅህ መርሕ ነው። ነገር ግን ፉቀሃእ መርሑን የተቀበሉት ልማዱ ከነስ ጋር እስካልተጋጨ ድረስ ብቻ ነው። በፈራኢድ ላይ ግልጽ ነስ ስላለ ዑርፍ ቦታ የለውም።

ልዩነት የለም አንልም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጆችን በጾታ ሳይለይ እኩል ያወርሳል፤ በሸሪዓ የወንድ ልጅ ድርሻ የሁለት ሴቶች ያህል ነው። ይህ በዕውቀት ሊመከርበት የሚገባ ልዩነት ነው። ነገር ግን ግማሹም ሙሉውም ያልደረሳት እኅት ከዚህ ክርክር ምን ታተርፋለች?

ሸሪዓና ሕጉ የሚገናኙበት ነጥብ ፈቃድ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34(5) የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲዳኝ የፈቀደው ተከራካሪዎቹ ከተስማሙ ነው። የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን ያጠናከረው አዋጅ ቁጥር 188/1992ም ይህንኑ መሠረት አድርጓል። ይሁን እንጂ አዋጁ መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበን ተከራካሪ እንደተስማማ ይቆጥረዋል፤ ዝምታ ፈቃድ የሚሆንበት ይህ አካሄድ ሊተች ይገባዋል። የፌዴሬሽን ምክር ቤት በ1996 ዓ.ም. በአንድ የውርስ ክርክር ላይ በሰጠው ውሳኔ፣ ተከራካሪዋ እየተቃወመች በሸሪዓ ፍርድ ቤት መዳኘቷ ከሕገ መንግሥቱ ጋር እንደሚጋጭ ወስኗል። ፈቃድ በሌለበት የተሰጠ ፍርድ የሸሪዓን ክብር ከፍ ያደርጋል ብለን አናምንም።

በመንደር የሚፈጸመው ግን ከፍርድ ቤቱ የባሰ ነው። ሐዘኑ ሳይወጣ ሽማግሌዎች ተሰብስበው እኅትን በወንድሞቿ ፊት «ምን ትያለሽ?» ይሏታል። አንገቷን ትደፋለች፤ «ትታለች» ተብሎ ይጻፋል። ዓሊሞቻችን በሐያእ ተይዞ የተሰጠ ገንዘብ በግድ ከተወሰደ እንደማይለይ አስተምረዋል። በሻፊዒይ መዝሀብም የማይታወቅ ነገር ስጦታ አይጸናም። ድርሻዋ ስንት እንደሆነ ያልተነገራት እኅት ምኑን ትታ ነው ተወች የምትባለው?

ስለዚህ ኢማሙ ወይም መምህሩ በውርስ ክፍፍል ላይ ሲገኝ ሥራው ዱዓ ማድረግ ብቻ ሊሆን አይገባም። መጀመሪያ ዕዳውና ኑዛዜው ይለይ፤ ቀጥሎ የእያንዳንዱ ወራሽ ድርሻ በቁጥር ይነገር፤ የእኅትም ድርሻ በእጇ ይግባ። ከዚያ በኋላ፣ ወንድሞቿ በሌሉበት ተጠይቃ በነፍሷ ፈቃድ ብትሰጣቸው ስጦታዋ ነው። እስከዚያ ድረስ «ትታለች» የሚለውን ቃል ልንመሰክርበት አይገባም፤ ምስክርነት በአላህ ፊት ያስጠይቃልና።

ወላሁ አዕለም።