ሰኔ 30 ሲዘጋ

የምናለሽ ተራ ባለሱቅ የዱቤ ደብተሩን በቀይ እስክሪብቶ ለሁለት ይከፍለዋል፤ አሃዝ ከአሃዝ ሥር ካልወደቀ ልቡ አያምንም። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. አንዱን አክሲዮን በ300 ብር፣ ያውም በቴሌብር፣ ለሕዝብ ካቀረበ ወዲህ ዓመታዊ ሪፖርት የባንክ ሰዎች ብቻ ንባብ መሆኑ ቀርቷል። ይህም ባለሱቅ ባለድርሻ ሊሆን ይችላላ!

ስለዚህ ሪፖርቱን ዲዛይን የሚያደርገውን ሰው አደንቀዋለሁ። የግዕዝ ፊደል ሲጨናነቅ ይጠቁራል፤ በመስመርና በመስመር መካከል አየር ይፈልጋል። ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 የሚዘጋውን የበጀት ዓመት ከፈረንጆቹ አቆጣጠር ጋር ሳያምታቱ ጎን ለጎን ማስቀመጥም ሙያ ነው። የሚያብረቀርቀው የሽፋን ፎቶ ብዙም አይገርመኝም። እኔ ሠንጠረዡን ገልጬ የሚሊዮኑ ኮማ ከላዩ ካለው ኮማ ሥር መውደቁን ነው የማየው።